ማህበራዊ ፍትህ መቱ ላይ ስንት ድምፅ ያገኛል?

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና እየተፈላ ያለበት ቤት ካላችሁ ጥሩ ነው፣ የቸኮለ ደግሞ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ሰባተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ዘንድሮ 2018 ነው፤ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ሞልቷል። "ቲቸር፣ ኢዜማ ዕድል አለው እንዴ?" ግማሹ ለቀልድ ነው የሚጠይቀው፣ ግማሹ ከልቡ። ከልባቸው ከጠየቁት አንዱ የጻፈልኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ "ማህበራዊ ፍትህ ማለት በብር ሲመነዘር ስንት ነው?" ይሄ ጥያቄ ነው እንድጽፍ ያስነሳኝ። ዕድሉን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም፣ የመጨረሻውን ውጤት ማየት ይበቃል። ብሩ ላይ ግን ማንም ሲያወራ አልሰማም።

ዕድሉን ቶሎ ልጨርሰው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ወሰደ። አብን 5፣ ኢዜማ 4። ኢዜማ አዲስ አበባ ላይ እንኳ፣ ያ ሁሉ ደጋፊ አለው በተባለበት ከተማ፣ አንድ ወንበር አላገኘም። ከኦሮሚያም ምንም። እኛ አገር አንደኛ የወጣ ሁሉን ይወስዳል፤ በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ እየወጣህ አገሩን ሁሉ ብትዞር ፓርላማ የምትገባው በባዶ እጅህ ነው። በኦሮሚያ ደግሞ ኦነግና ኦፌኮ አመራሮቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከውድድሩ ስለወጡ፣ አምፖሉ በብዙ ቦታ የሮጠው ብርቱ ተፎካካሪ ሳይኖረው ነው። ስለዚህ መቱ ላይ፣ ጎሬ ላይ፣ በደሌ ላይ "ኢዜማ ያሸንፋል ወይ" ብሎ መወራረድ የሚፈልግ ካለ ብሩን ለእናቱ ይስጥ።

ሰው ግን እዚህ ጋ ቸኩሎ ይደመድማል። "የኢሉባቦር ሕዝብ ግራ ዘመም ሐሳብ አይፈልግም" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የኛ ሰው የሚፈልገውን ብትጠይቀው የሚነግርህ ቃል በቃል የማህበራዊ ፍትህ ፓርቲ ፕሮግራም ነው፦ ልጁ መጽሐፍ ይኑረው፣ ሚስቱ ስትወልድ መንገድ ላይ አትሙት፣ መድኃኒት ከውጭ ግዛ አይባል፣ ማዳበሪያ በጊዜው ይምጣ። ይሄን የሚለው ሰውዬ ራሱን ግራ ብሎ አይጠራም። እንዲያውም "ግራ" የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚደነግጥ ትውልድ አለ፣ ምክንያትም አለው።

ሽማግሌዎቻችን ሶሻሊዝምን የሚያውቁት በሁለት መልኩ ነው። አንደኛው የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከባላባት ጭሰኝነት የወጣ ሰው ያንን ቀን እስኪሞት አይረሳም። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መኢሶንና ኢሕአፓ እርስ በርስ ተባሉ፣ ቀይ ሽብር መጣ፤ ከጎረቤታችን ከወለጋ የወጣው ኃይሌ ፊዳ ራሱ ደርግን ሲመክር ኖሮ በደርግ ተገደለ። መንደር ምሥረታ መጣ። በ1977 ደግሞ ከወሎ በድርቅ የተነሱ ሰዎች በሰፈራ ወደኛ ጫካ መጡ፤ አብዛኞቹ ወደውና አቅደው አልነበረም። ልጆቻቸው ዛሬ ከኛ ጋር ቁርስ ይበላሉ፣ ኦሮምኛው ከኔ ይበልጣቸዋል። እና አንድ የዚያ ዘመን ሰው "መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ሕይወትህን ይለውጣል" ሲባል ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቢያይህ አትፍረዱበት። መንግሥት ገንዘብ ሲያወጣ አይቷል።

ወጣቶቹም አይተዋል። ያዩን ጠይቁ። የድንጋይ ከሰሉን ወደ ዩሪያ ይቀይራል የተባለው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ በ11 ቢሊዮን ብር ውል ለሜቴክ ተሰጠ። ለዚህ ሲባል መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች አሉ። በዲግሪ ተመርቀው እዚያ እንቀጠራለን ብለው የጠበቁ ልጆች አሉ። ፋብሪካው ሳያልቅ ቀረ፣ ውሉም ከሜቴክ ተነጠቀ፤ ነሐሴ 2017 ላይ ደግሞ መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመትከል ሲፈራረም ቦታው ጎዴ ሆነ። ሶማሌ ክልል ጋዙ ስላለ ምክንያቱ ይገባኛል፣ አልቀናሁም። (ትንሽ ቀንቻለሁ።) ሆኖም "የመንግሥት ወጪ ይጨመር" የሚል ፓርቲ ኢሉባቦር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ "የያዩ ብር የት ገባ?" ነው። ለዚህ መልስ ሳይዝ የሚመጣ ካድሬ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ አዳራሹ ውስጥ ቢጨበጨብለትም ከበር ውጭ ይሳቅበታል።

እንግዲህ ማህበራዊ ፍትህ ምን ይመስላል ለሚለው እኛ አገር ያየነው ምሳሌ፣ አስቂኝ ሊሆን ይችላል፣ የመጣው ከአንድ ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ ነው። ካርልሃይንዝ ቦም በ1973 ጀርመን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ "ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም" ብሎ ተወራረደ። በተሰበሰበው ገንዘብ ሰዎች ለሰዎች ድርጅትን አቋቋመ። ኢሉባቦር ውስጥ ድርጅቱ ያልደረሰበት አካባቢ መፈለግ ይቀላል፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ፣ የውኃ ጉድጓድ። የመቱው ሆስፒታል እስከ ዛሬ ስሙ መቱ ካርል ነው። ስሙ የሚገባው ነው፣ ግን ስሙን ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። ለአውሮፓ ተመልካች አንድ ማርክ የተለመነለት ነገር በሌላ አገር ከግብር የሚሠራ ነው። የኛ ቡና ደግሞ ያኔም ይሸጥ ነበር።

አሁን ወደ ኢዜማ ልመለስ። ፓርቲው ግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ሲመሠረት የወደድኩለት አንድ ነገር ነበር፤ መዋቅሩን በብሔር ሳይሆን በምርጫ ወረዳ ነው የጀመረው፣ ከታች ወደ ላይ። ሁለት ምሰሶ አለኝ ይላል፣ የዜግነት ፖለቲካና ማህበራዊ ፍትህ። ችግሩ በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ጆሮ የገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እኛ አካባቢ የዜግነት ፖለቲካ ሲባል ገበሬው የሚሰማው "ኦሮምኛህን ሊነኩብህ ነው" የሚል ነው። ትክክል ነው አልልም፣ ግን እንደዚያ ነው የሚሰማው፤ ፓርቲውም በኦሮምኛ ሊያስረዳው ወረድ ብሎ አልመጣም። ሁለተኛው ምሰሶ፣ በማንኛውም ቋንቋ ሊሸጥ የሚችለው፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ። እነ ዶክተር መረራ በመድረክ ጊዜ ከፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ጋር ሆነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህ ረገድ ይሻሉ ነበር። የብሔርንም የድሃንም ጥያቄ በአንድ አፍ ያነሱ ነበር።

ከምርጫው በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት። ብዙ ሰው ፕሮፌሰሩን "ተገዙ" ብሎ ሰደባቸው። ይሄ ስድብ አይመቸኝም። ሥልጣን የፈለገ ፓርቲ ሥልጣን ሲሰጠው ለምን ገባ አይባልም። መባል ያለበት "ገብቶ ምን አመጣ?" ነው፣ በተለይ የገባበት ቤት የኔ ቤት ስለሆነ።

ፈተናውን እደግፋለሁ። በግልጽ ልናገር፣ ብዙዎቻችሁ እንደምትቆጡ ባውቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሰጠቱ፣ ኩረጃው መቆሙ፣ እውነቱ መውጣቱ ልክ ነበር። በ2014ቱ ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ተቀምጦ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። 1,161 ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላሳለፈም። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው፣ ይሁን። እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ የማየው ግን ይሄን ነው፦ ፊት ለፊቴ ከተቀመጡት መቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት እንደሚወድቁ ራሳቸው ያውቃሉ። የሚያውቅ ልጅ አያጠናም። የሚያውቅ አባት ልጁን ከክፍል አውጥቶ ቡና ለቀማ ይወስደዋል፣ ወይም ለደላላ ብር ይፈልግለታል።

ቴርሞሜትር በሽታ አያድንም። ትኩሳቱን ለክቶ 40 ነው ብሎ የሚሄድ ሐኪም ምን ይባላል? ሚኒስትሩ ራሳቸው አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች እንደሆኑ ደጋግመው ተናግረዋል። መድኃኒቱ ሆኖ የመጣው "ትምህርት ለትውልድ" የሚል ንቅናቄ ነው፤ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በጉልበት፣ በእንጨት፣ በቆርቆሮ ትምህርት ቤቱን ያድስ ተባለ። ሕዝቡም አዋጣ። የኛ ሰው ማዋጣት ያውቃል። መምህሩም ሳይጠየቅ ከደመወዙ የተቆረጠበት ቦታ አለ፣ የት እንደሆነ ይለፈኝ። ግን እስቲ አስቡት፦ የማህበራዊ ፍትህ ፓርቲ መሪ ሚኒስትር ሆኖ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ በመዋጮ ሲሠራ። ሀብታም የሚኖርበት ቀበሌ ብዙ ያዋጣል፣ ድሃ የሚኖርበት ትንሽ። መዋጮ የትም አገር ከድሃ እኩል አያደርግም። ይሄን ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፣ እሳቸው ደግሞ ናቸው።

ፍትሐዊ ልሁን፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጀት በሚኒስቴሩ እጅ የለም። ሚኒስቴሩ ሥርዓተ ትምህርት፣ ፈተና፣ ዩኒቨርሲቲ ይይዛል። የኔ ደመወዝ፣ ጠመኔው፣ የላብራቶሪው ቁልፍ (ላብራቶሪ ካለ) የክልልና የወረዳ ነው። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ ቁጥር ታገሱኝ።

የ2013 የፌዴራል በጀት 476 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 176 ቢሊዮን፣ ማለትም 37 በመቶ ገደማ። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ለክልሎች የተያዘው 315 ቢሊዮን አካባቢ። አካፍሉት፣ 16 በመቶ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከኬኩ የክልሎች ቁራሽ ከግማሽ በታች ሆነ። ዜና ላይ "ትሪሊዮን ገባን" ተብሎ ተጨበጨበ፣ ግን ወደ ዶላር ብትመልሱት ከ2013ቱ ብዙም አይርቅም፤ ብሩ ነው የቀለለው። ብሩ ሁሉ የት ሄደ? ዕዳ ክፍያ፣ ድጎማ፣ መደበኛ ወጪ። መደበኛ ወጪው ብቻ 1.2 ትሪሊዮን ይጠጋል። ክልሎች የራሳቸው ገቢ አድጓል የሚል መልስ አለ፣ እውነትነትም አለው። ግን የራስ ገቢ ማለት ኢሉባቦር ላይ ከማን የሚሰበሰብ ነው? ፋብሪካ የለን። ከሱቅ፣ ከቡና ነጋዴ፣ ከደመወዝተኛ።

ደመወዝተኛ ካልን አይቀር። ከመስከረም ጀምሮ ደመወዝ ተጨምሯል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻው ከ9,056 ወደ 11,500። እግዜር ይስጥልን። የገቢ ግብር አዋጁም ተሻሽሎ ግብር የማይነካው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ። ነገር ግን የመጨረሻው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። 14,000 ብር ዛሬ ከ100 ዶላር በታች ነው! በወር 15 ሺህ የሚያገኝ ነባር መምህርና በወር 500 ሺህ የሚያገኝ የባንክ ኃላፊ ላይኛው ብራቸው ላይ የሚቆረጥባቸው መቶኛ አንድ ነው። ባለ ሕንጻው ደግሞ አከራይቶ ያወቀውን ያሳውቃል። የማህበራዊ ፍትህ ፓርቲ ጮክ ብሎ ሊያነሳው የሚገባ ጉዳይ ቢኖር ይሄ ነበር። አስተማሪ፣ ነርስ፣ ፖሊስ፣ የግብርና ባለሙያ ሁሉ ይሰማዋል፤ በየወሩ በደመወዝ መክፈያው ላይ ያየዋል። አንድም ፓርቲ መቱ መጥቶ ይሄን ሲናገር አልሰማሁም።

ኢዜማ ለምን አልተናገረም? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። መሪው ካቢኔ ውስጥ ገባ፣ ካቢኔው በጀቱን ያጸድቃል፣ ከዚያ ፓርቲው ወጥቶ በጀቱ የድሃ አይደለም ሊል አይችልም። አንድ እግር ታንኳ ላይ፣ አንድ እግር ወደብ ላይ። አባላቱም ይሄን ያውቃሉ፤ በ2014ቱ ጉባኤ እነ አንዱዓለም አራጌ ተወዳድረው የተሸነፉበት ክርክር ዋናው ይሄው ነበር።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ማንም ቢያሸንፍ እጁ የታሰረ ነው። ሐምሌ 2016 ብር ሲንሳፈፍ መንግሥት ከአይኤምኤፍ ጋር የአራት ዓመት፣ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ገብቷል። ግብር አሳድግ፣ ከብሔራዊ ባንክ አትበደር፣ የነዳጅ ድጎማ ቀንስ የሚል ነው። የምንሰበስበው ግብር ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታችን 7.5 በመቶ አካባቢ ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ ኬንያ እጥፍ ገደማ ትሰበስባለች። ስለዚህ "ወጪ እንጨምራለን" የሚል ፓርቲ መልሶ መናገር ያለበት "ከማን እንሰበስባለን" ነው። ይሄን የማይመልስ ግራ ዘመም ከያዩ ፋብሪካ አይለይም።

ተስፋ የለም እያልኩ አይደለም። ኬረላ የምትባል የደቡብ ሕንድ ግዛት አለች። እንደኛው ዝናብ የማይለያት፣ ቡናና ቁንዶ በርበሬ የምታበቅል። በንጉሡና በደርግ ጊዜ አባቶቻችንን ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የዚያች አገር ልጆች ነበሩ። እዚያ በፈረንጅ 1957 ኮሚኒስቶች በጠመንጃ ሳይሆን በምርጫ አሸነፉ። ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ዴልሂ አባረራቸው፤ እነሱ ግን በምርጫ ተመልሰው መጡ፣ ተሸነፉ፣ ደግሞ መጡ። በየመንደሩ ሰው ነበራቸው፣ ብሩን ደግሞ መንደር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ላይ አፈሰሱ። ድሃ ሆና ሳለ ከዘጠና በመቶ በላይ ሕዝቧ ማንበብና መጻፍ ቻለ። ዛሬ ግዛቲቱ ዕዳ አለባት፣ ወጣቶቿ ባሕረ ሰላጤው አገር ሄደው በሚልኩት ብር ነው የምትተነፍሰው፣ ይሄም መደበቅ የለበትም። ግን ነርስና ኢንጂነር ሆነው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። የኛዎቹ እንዴት እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ የምርጫ ዘመቻው ሲጀመር አንዱ ፓርቲ፣ ኢዜማም ሆነ ሌላ፣ መቱ መጥቶ አዳራሽ ከያዘ እኔ እሄዳለሁ። እጄን አውጥቼ የምጠይቀውም አዘጋጅቻለሁ፦ ለአንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሁሉም ትምህርት የራሱ መጽሐፍ እንዲኖረው ስንት ብር ያስፈልጋል፣ ብሩ ከየትኛው ርዕስ ተቀንሶ ነው የሚመጣው፣ የክልሎችን ድጎማስ ከ16 በመቶ ወደ ስንት ትመልሱታላችሁ? በአማርኛም በኦሮምኛም እጠይቃለሁ። ቁጥር ይዞ የሚመልስልኝ ካገኘሁ እዚሁ ገጽ ላይ እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያው በደሌ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ አልጌ ሳቺ ያላችሁ የምታስተምሩ ልጆች፣ እናንተ ክፍል አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሆነ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አትጻፉ፣ ቁጥሩ ይበቃል።